ጠላቶቿ የጻፏት ንግሥት

የታሪክ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ዮዲት» ብለው ጻፉና ጠመኔውን አስቀመጡ። «የምታውቁትን ንገሩኝ። የግድ ከመጽሐፍ መሆን የለበትም፤ ቤት የሰማችሁትም ይቆጠራል» አሉ። መንዝ ውስጥ ሞላሌ ላይ የጠዋቱ ብርድ አይጣል ነው፤ ገሚሱ ተማሪ ከዩኒፎርሙ በላይ ጋቢ ደርቧል። መጀመሪያ ዝም አሉ። ቆይቶ ከኋላ አንዱ «አክሱምን ያቃጠለች» አለ። «አርባ ዓመት የገዛች» አለ ሌላው። «የንጉሥ ዘር የፈጀች»፣ «ታቦተ ጽዮንን ያሰደደች»፣ «አይሁዳዊት»። መምህሩ ሁሉንም እንደወረደ ጻፉት። ሰሌዳው ሊሞላ ሲል ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የኔም ስም እኮ ዮዲት ነው። እናቴ ያወጣችልኝ ግን በዚችኛዋ አይደለም፤ በመጽሐፍ ቅዱሷ ነው።»

መምህሩ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ከፈሉና በባዶው በኩል ያንኑ ስም ደገሙት።

መንዝ ማማ ምድር ውስጥ ላሉ የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ስለ አንዲት ደፋር አይሁዳዊት መሪ ማስተማር ቀላል ይመስላል። ታሪኩ አዲስ አይደለም፤ ስሟም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው ውስጥ አለ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አንዲት ዮዲት ሕዝቧን ስላዳነች ልጅ ይጠራባታል፤ ሌላዋ ዮዲት ልጅ ይፈራባታል። ሁለቱም አይሁዳውያት ናቸው ይባላል፤ ሁለቱም ሰይፍ አንሥተዋል።

የመጀመሪያዋን ለማስረዳት መምህሩ ብዙ አልደከሙም። መጽሐፈ ዮዲት ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው 81 መጻሕፍት አንዱ ስለሆነ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች ታሪኩን ተቀባብለው ጨረሱት። የናቡከደነፆር የጦር አለቃ ሆሎፎርኒስ ከተማዋን ከብቦ ውኃ ይከለክላል። ሕዝቡ በጥም ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ እስከ 5 ቀን ረድኤት ካልመጣ እጃችንን እንሰጣለን ብለው ይምላሉ። ዮዲት ሹመት የሌላት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሽማግሌዎቹን አስጠርታ ለእግዚአብሔር ቀን ቆርጣችሁ እንዴት ትፈትኑታላችሁ ብላ ትገሥጻቸዋለች፤ ከዚያ ከአገልጋይዋ ጋር ወደ ጠላት ሰፈር ወርዳ የጦር አለቃውን በራሱ ሰይፍ አንገቱን ትቆርጣለች። ልጆቹ የሚወዱት የሰይፉን ክፍል ነው። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ ለወጣት ቢነገር የምመርጠው ያንን ተግሣጽ ነው፤ ሸንጎው ተስፋ ቆርጦ መሐላ ከፈጸመ በኋላ አንዲት ሴት ተነሥታ ውሳኔያችሁ ስሕተት ነው ማለቷ ከሰይፉ የሚያንስ ድፍረት አይደለም።

ሌላዋ ዮዲት ረጅም ሰዓት የምትፈልግ ናት።

አገር የሚያውቀው ታሪክ ይህ ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ድል ነዓድ አክሱም ላይ ነግሦ ሳለ፣ የሰሜን ተራሮች የቤተ እስራኤል ንጉሥ የጌዴዎን ልጅ ዮዲት ጦሯን አስከትታ ወረደች። አክሱምን አቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናትን አፈረሰች፤ ደብረ ዳሞ ላይ ይጠበቁ የነበሩትን የንጉሥ ልጆች ፈጀች። ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው እስከ ዝዋይ ሐይቅ ደሴት ሸሹ። ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ ዓዲ ቃውሕ ላይ መቃብሯ ነው የሚባል የድንጋይ ክምር አለ፤ ዐውሎ ነፋስ ገደላት ይላሉ። የአብርሃ ወአጽብሓ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የጠቆረው በእሷ እሳት እንደሆነ ለጎብኚው ይነገራል።

ሌላም ትረካ አለ፤ ልጆቹ አልሰሙትም ነበር። በዚህኛው ዮዲት ከከበረ ቤተሰብ ተወልዳ የደኸየች ቆንጆ ናት። አንድ ዲያቆን ወደዳት፤ ለጫማዋ ይሆን ዘንድ ከጽዮን ቤተ ክርስቲያን የወርቅ መጋረጃ ቆርጦ ሰጣት። ነገሩ ሲታወቅ ፍርዱ በእሷ ላይ ወደቀ፤ ጡቷ ተቆርጦ ከአገር ተባረረች። በስደት የሻም ንጉሥ ልጅ የሆነ አይሁዳዊ አገባች፤ ከእሱም ጋር ጦር ይዛ ተመለሰች። መምህሩ ይህን ሲጨርሱ ክፍሉ ውስጥ ማጉረምረም ተሰማ። «ዲያቆኑስ ምን ተደረገ?» አለች አንዷ። ትረካው ለዲያቆኑ የሚሰጠው ቦታ ትንሽ ነው። ይህ ጥያቄ ብቻውን ለዚያ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ያቆዩት ትረካ፣ ዮዲትን ሊኮንን ተነሥቶ፣ ሳያስበው ክስ የሚያቀርብላት ጠበቃ ሆኖ ቆሟል።

ታሪኩ ሞላሌ የሚደርሰው በአንድ ሕፃን በኩል ነው። ከእልቂቱ ያመለጠ አንበሳ ውድም የሚባል የንጉሥ ዘር ታማኝ ሰዎች ወደ ሸዋ አሸሹት ይላል ትውፊቱ፤ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ ዘሩ የተመዘዘው ከዚያ ሐረግ ነው ተባለ። የኋለኞቹ የሸዋ ነገሥታት አባት ነጋሲ ክርስቶስም የመንዝ ሰው ነው። በማማ፣ በላሎና በጌራ ስም ርስቱን የሚቆጥር አገር ላይ ያደገ ልጅ ይህን ሲሰማ የሩቅ ታሪክ አይመስለውም። አንዱ ተማሪ «አያቴ እንደነገሩኝ ያንን ሕፃን የደበቅነው እኛ ነን» አለ፤ «እኛ» ሲል ድምፁ ከፍ ብሏል። ይህ ኩራት ንጹሕ ነው። ለመምህሩ ሥራ ግን ከባድ ነው፤ ልጆቹ የዮዲትን ታሪክ የሚሰሙት ከሸሸው ወገን ሆነው ነውና።

መምህሩ በሁለተኛው ሳምንት ፎቶኮፒ ያደሉት ለዚህ ነው። ሁለት የቆዩ ምስክሮች ናቸው።

አንዱ ኢብን ሐውቀል ነው፤ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የዓረብ ጂኦግራፊ ጸሐፊና ተጓዥ። የሐበሻን አገር ለብዙ ዓመታት አንዲት ሴት እንደምትገዛው፣ «ሐፃኒ» የተባለውን ንጉሥ የገደለችው እሷ እንደሆነች፣ እሱ እስከጻፈበት ጊዜም በራሷ አገርና በንጉሡ ምድር ላይ ሥልጣኗ እንደጸና ይነግረናል። ሁለተኛው በዓረብኛ የተጻፈው የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ979 እስከ 1003 ድረስ በመንበሩ በነበሩት በአባ ፊላታዎስ ዘመን፣ አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ ይልካል። አንዲት ንግሥት አገሬን አጠፋች፣ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለች፣ እኔንም ከቦታ ቦታ አሳደደችኝ፤ ይህ ሁሉ የመጣብን ከእኔ በፊት የነበረው ንጉሥ ጳጳሱን ስለበደለ ነውና ፓትርያርኩ ጳጳስ እንዲልኩልን አማልደኝ ይላል። ፓትርያርኩም ዳንኤል የተባለ መነኩሴ ሾመው ላኩ።

ከዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልጆቹን ለብዙ ደቂቃ አቆማቸው። የየመን ገዥ እ.ኤ.አ. በ969 ወይም 970 ለኢራቅ ገዥ የሜዳ አህያ በስጦታ ይልካል፤ እንስሳዋን ያገኛት ከሐበሻ ንግሥት ነው ተብሎ ተጽፏል። የምታቃጥል ብቻ ናት ብለው ያሰቡት ልጆች ባሕር አሻግራ ስጦታ የምትልክ ገዥ ሲያዩ ሰሌዳው ላይ ከዘረዘሩት የትኛውም ቃል አልገጠማትም።

የዘመን አቆጣጠሩ አስቸገራቸው። 979 ብሎ የጻፈው የአውሮፓ ነው ወይስ የእኛ? መምህሩ ሰባት ወይም ስምንት እያስቀነሱ የጊዜ መስመር አስሠሩና መስመሩ ላይ ሌላ ነገር ታየ። አክሱም የራሷን ገንዘብ ማተም ያቆመችው በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው። የቀይ ባሕር ንግድ ከእጇ ሲወጣ፣ ቤተ መንግሥቱ ወደ ደቡብ ሲገፋ ዮዲት ለመወለድ የሦስት መቶ ዓመት ያህል ጊዜ ይቀራታል። ምዕራብ አክሱም ያለው «የጉዲት ሐውልቶች» የሚባለው መስክም ጉዲት በተባለው በሌላው ስሟ ይጠራ እንጂ ሐውልቶቹ ከእሷ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ። ሕዝብ የወደቀ ድንጋይ ባየ ቁጥር የጣለው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ለስድስት መቶና ለሰባት መቶ ዓመት ፍርስራሽ ሁሉ መልሱ አንዲት ሴት ሆና ቀረች።

የድል ነዓድን መጨረሻ ራሱ ትውፊቱ በሁለት መንገድ ይተርከዋል። በአንዱ ዮዲት ናት የጣለችው። በሌላው ልጁን መሶበ ወርቅን ያገባው የላስታው መራ ተክለ ሃይማኖት ነው ዙፋኑን የወሰደውና የዛጔን መንግሥት ያቆመው። «ታዲያ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀው ተማሪ ቁርጥ ያለ መልስ ጠብቆ ነበር። መምህሩ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስጻፉትና አለፉ። እንዲህ ያለውን ልብ ስንቶቻችን አለን? እኔ ተማሪ ሳለሁ የታሪክ ጥያቄ ሁሉ አንድ መልስ ነበረው፤ ከምርጫዎቹ አንዱን ከብበን እንወጣ ነበር።

ወደ ከባዱ ጥያቄ የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። አይሁዳዊት ናት ያለው ማን ነው?

ሁለቱ የቆዩ ምስክሮች ስሟን አይጠሩም፤ ይሁዲ ናትም አይሉም። የፓትርያርኮቹ ታሪክ የእነ እንትና ንግሥት ብሎ የጻፈው የወገን ስም አሻሚ ስለሆነ፣ ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ ዳሞት ተብሎ ሊነበብ ይገባል፤ ንግሥቲቱም ከደቡብ የመጣች ክርስቲያን ያልሆነች ገዥ ናት አለ። ታደሰ ታምራትን የመሰሉ የታሪክ ሊቃውንትም ይህን ሐሳብ በቁም ነገር ተቀብለውታል። ስቲቨን ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው የቤተ እስራኤል ታሪክ አይሁዳዊነቷን የሚያየው በጥርጣሬ ነው። የጌዴዎን ልጅ የሚለው ትረካ ለዓለም የተሰማው በዋናነት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር በኖረው በጄምስ ብሩስ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1790 ነው። በመካከሉ ስምንት መቶ ዓመት አለ። በዚያ ስምንት መቶ ዓመት ደግሞ የክርስቲያን ነገሥታትና የቤተ እስራኤል ጦርነት አለ፤ አፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም አሉ የሚባለው ዐዋጅ አለ። ለድሮው ጥፋት ባለቤት ሲፈለግ ጣት በጊዜው ጠላት ላይ ቢቀሰር አያስገርምም።

ቤተ እስራኤሎች ራሳቸው ግን ዮዲትን አልጣሏትም። በነሱ ዘንድ የጌዴዎን ልጅ፣ ሕዝቧ አንገቱን ያቀናባት ንግሥት ናት። የክርስቲያኑ አያት ልጁን ሊያስፈራበት የሚያነሣውን ስም የቤተ እስራኤሉ አያት ልጁን ሊያጀግንበት ያነሣዋል። መምህሩ ይህን ሲናገሩ ስሟ ዮዲት የሆነችው ልጅ ደብተሯን ትታ ቀና አለች።

እኔ ሞላሌ ሄጄ ካየሁት ሁሉ ልቤን የነካው ግን ስም የሌላት ሌላ ሴት የተነሣችበት ክፍለ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት አፄ ሠርፀ ድንግል በሰሜን ተራሮች ላይ ቤተ እስራኤልን ወግተዋል። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነው፤ የአሸናፊው ወገን፣ ለአሸናፊው ጆሮ የሚጽፍ። እሱ እንደሚተርከው አንድ ወታደር አንዲት የቤተ እስራኤል ሴት ማርኮ እጇን ከእጁ ጋር አስሮ ይመራታል። መንገዱ ገደል አፋፍ ላይ ይወጣል። አፋፉ ላይ ሲደርሱ አዶናይን ተጣርታ ራሷን ወደ ገደሉ ወረወረች፤ የታሰረው ወታደርም አብሯት ሄደ። ሌሎች ሴቶችም ተከተሏት። ጸሐፊው ይህን አልደበቀም፤ ከክርስቲያኖች ጋር ከመኖር ሞትን የመረጠችውን የዚችን ሴት ጀግንነት አድንቆ ጽፏል።

መንዝ ገደል ለማያውቅ ልጅ የሚነገርበት አገር አይደለም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀጥሎ የተነሣው ክርክር እስከ ደወሉ ዘለቀ። አንዱ ወታደሩም የእናት ልጅ ነው አለ። አንዷ ማርኮ ያሰራት ማን ሆነና አለችው። ሌላው ራስን መግደል ኃጢአት አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ከልጆቹ የፈለጉት ሌላ ነገር ነበር፦ ይህች ሴት ስለመኖሯ የምናውቀው በማን ነው? በጠላቷ። ጠላቷ ደግሞ የሚጠቅመው ነገር ሳይኖር መሰከረላት። እንዲህ ያለ ምስክርነት በታሪክ ሚዛን ከባድ ነው። ስለ ንግሥቲቱ ዮዲት ብዙ ተነግሮ ጥቂት ይታወቃል፤ ስለዚች ሴት ጥቂት መስመር ተጽፎ ያ ጥቂቱ ይታመናል።

ለምን ይህን ሁሉ ድካም ለወጣት? የሚል ሰው ይኖራል። የእኔ መልስ ከሞላሌ ገበያ አይርቅም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣው፣ ሸክላ የምትሠራው ሴት በ«ጠይብ»ነትና በ«ቡዳ»ነት ስም ስንት ዘመን እንደተገፉ የማያውቅ የለም። ማታ ጅብ ይሆናሉ ተብለዋል፤ ጋብቻ ተከልክለዋል። ቤተ እስራኤልም ርስቱን ተነጥቆ በዚሁ ሙያ ሲኖር በዚሁ ቃል ተሰድቧል። ዛሬም አዲስ አበባ ቀጨኔና ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቤተ አብርሃም ነን፣ ዘራችን ከእስራኤል ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። «ይሁዲ» የሚለው ቃል ክፍል ውስጥ ከ«አቃጠለች» ጋር ብቻ ተጣምሮ ከቀረ፣ ልጁ ቃሉን ይዞ ገበያ ሲወርድ የሚያሳርፈው ማን ላይ ነው? የታሪክ መምህር ለዚህ ኃላፊ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልጆቹ ቤተ እስራኤል የሚባለውን ሕዝብ ከድሮ ጦርነት ውጭ በሕይወት እንዲያውቁት መምህሩ ጥቂት አከሉ። በሕዳር አካባቢ ተራራ ወጥተው ኦሪት የሚያነቡበትን ስግድን፣ የሚጾሙትን ጾመ አስቴርን አነሡ። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ በጀመረው የሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል መሄዳቸውን፣ በሱዳን መንገድ ላይ ብዙ ሺህ መሞታቸውን ነገሯቸው። ጎንደር አካባቢ ውዛባ ተወልደው በ3 ዓመታቸው በዚያ መንገድ የሄዱት ፕኒና ታማኖ-ሻታ እ.ኤ.አ. በ2020 የእስራኤል የስደተኞች መቀበያ ሚኒስትር ሆነዋል፤ በዚያ አገር ሚኒስትር በመሆን የመጀመሪያዋ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ናቸው። «አማርኛ ይችላሉ?» አለ አንዱ። ሌላው ነገር ሁሉ ሲነገር ዝም ያለ ልጅ ነበር።

የቤት ሥራው አያት መጠየቅ ነበር። ስለ ዮዲት የሰሙትን፣ ከማን እንደሰሙት፣ ያ ሰው ከማን እንደሰማ መጻፍ። አንዱን ደብተር አገላብጬ አየሁት። ከላይ የአያቷ ስም፣ ቀጥሎ ታሪኩ በአያቷ አፍ፦ ንግሥቲቱ ስትመጣ እናቶች ጨው በጨርቅ ቋጥረው ልጅ አዝለው እንደሸሹ። ጨው የትም የማይገኝ ነበርና። ከታች በትንንሽ ፊደል «አያቴ ከእናቷ፤ እናቷ ከቤተ ክርስቲያን፤ ከዚያ በላይ አላወቀችም» ይላል። መምህሩ ሙሉ ማርክ የሰጡት ለዚች የመጨረሻ መስመር ነው። ታሪኩን አሳምሮ ጽፎ ምንጩን የዘለለው ልጅ ግማሽ አግኝቶ ቅር ብሎታል፤ ሄዶ ጠይቆ እንዲመጣ ተነግሮታል።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ «ዮዲት የራሷ ጸሐፊ አልነበራትም?» ብላ ጠየቀች። ቤተ እስራኤል በግዕዝ የጸሎት መጻሕፍት አሏቸው፤ እንደ አባ ሳብራ ያሉ መነኮሳት ነበሯቸው። የጌዴዎንን ወይም የዮዲትን ሥራ የሚተርክ የራሳቸው ዜና መዋዕል ግን እጃችን ላይ የለም። መምህሩ ይህንኑ ነገሯትና ወደሚቀጥለው ትምህርት አሻገሯቸው፤ እቴጌ ጣይቱ። የጣይቱን ዘመን ታሪክ የጻፉት የዚያው ቤተ መንግሥት ሰው፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው። ልጆቹ ያንን ለማንበብ የሚይዙት ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ተጽፎላቸዋል፦ ወዳጅ የጻፈላትና ጠላት የጻፈባት ንግሥት ታሪክ በምን በምን ይለያል? ሦስት ማስረጃ ጥቀሱ።